የውሃ ፓምፕ ሞተር በቾክ ብቻ ይሠራል፣ ቾኩ ሲከፈት ይጠፋል (ድሬዳዋ)

የማንጎው ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ትንሽ ማሳ አለችን። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጥግ ጥጉን ሎሚ። ውሃ የምንስበው በቻይና ሠራሽ ባለ 2 ኢንች ፓምፕ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ምት ነው፤ የሆንዳ ጂኤክስ 160ን አስመስለው የሠሩት፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው።

ክረምቱን ዝናብ ስለነበር ፓምፑ ቆሞ ከረመ። አሁን ቾኩን ዘግቼ ገመዱን ስስበው ወዲያው ይነሳል። ቾኩን ስከፍተው ግን ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይልና ጸጥ። ቾኩን ግማሽ ላይ ከያዝኩለት ቀጥ ብሎ ይሠራል። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ሳይከፍተው "ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት" አለኝ። የጠራው ዋጋ የአዲስ ሞተር ግማሽ ይሆናል። ፓፓያው ውሃ እየጠበቀ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሳቢያኑ መካኒክ

አቦ ሞተሩን እንዳታስወርድ! ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው፤ እሱን የጨረሰ ሞተር በቾክ አይድንም። ምልክቱ ሌላ ነው። ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ገመዱን ስትስበው እጅህ ላይ ልል ይላል። ያንተ እንደዚያ አይደለም።

ቾክ የሚሠራው አየሩን ማነቅ ነው። አየሩ ሲታነቅ ሞተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይስባል። በግማሽ ቾክ ቀጥ ብሎ ከሠራ ሞተርህ ቤንዚን እያነሰው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ውስጥ የተደፈነ ነገር አለ፣ ወይ በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል አየር የሚያስገባ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) አለ። ክረምቱን ቆሞ ስለከረመ እኔ የምወራረደው በመደፈኑ ነው።

ካርቡሬተሩን ከመንካትህ በፊት ግን ቤንዚኑ መድረሱን እይ። ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና መክፈቻውን ክፈት። ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት። ጀምሮ እየቀጠነ ከሄደ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርገህ ድገመው። ያኔ ከተስተካከለ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተዘግቷል። የድሬ አቧራ ይሄን በደንብ ያደርገዋል። መክፈቻው ሥር ደግሞ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ኩባያ አለች። በ10 ቁልፍ ፍታትና እጠባት። ጎማዋ እንዳትጠፋ።

ለገሃር ጡረተኛ

ልጄ፣ የሳቢያኑ የነገረህ ልክ ነው። እኔ ደግሞ አፈታቱን ላስረዳህ። ይሄ ካርቡሬተር ቀላል ነው፤ ግን አብዛኛው ሰው ግማሹን አጽድቶ ይዘጋዋል።

ከሁሉ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ በተለይ የጋዙን ዘንግና በላዩ ያለችውን ቀጭን ስፕሪንግ። ያቺ ስፕሪንግ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ጋር የተያያዘች ናት። የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ከገባች ሞተሩ ወይ ይፈዛል ወይ ከልኩ በላይ ይጮኻል።

የአየር ማጣሪያውን ቤት የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፍታ። ካርቡሬተሩ በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። የጓርኒሲዮኖቹን ቅደም ተከተል ያዝ። ከሞተሩ ጀምሮ ጓርኒሲዮን፣ ጥቁሩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካርቡሬተር፣ ጓርኒሲዮን፣ የማጣሪያው ቤት ነው። ጥቁሩ ፕላስቲክ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡሬተሩ እንዳይሻገር ይከላከላል፤ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ያስፈልግሃል። ጓርኒሲዮን ተገልብጦ ከገባ የአየር ቀዳዳ ይዘጋል። ያኔ ሌላ በሽታ ስትፈልግ ትውላለህ።

ከሥር ያለውን ሳህን በ10 ቁልፍ ፍታው። አትድፋው፣ መጀመሪያ ውስጡን ተመልከት። ቡናማ ወይም አረንጓዴ ማጣበቂያ የመሰለ ነገር ካለ የደረቀ ቤንዚን ነው። ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ ገብቶ ብረቱን በልቶታል። ቀይ አሸዋ ካየህ ታንከሩ ዝጓል፤ ካርቡሬተሩን ብቻ ማጽዳት አይበቃህም።

ተንሳፋፊውን የያዘችውን ቀጭን ፒን ገፍተህ አውጣ። አብራው ትንሽ መርፌ ትወርዳለች። ጫፏ ጎማ ነው። ጎማው ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለ ለውጣት። ያቺ መርፌ በደንብ ካልዘጋች ቤንዚን ሞልቶ ይፈሳል። አንዳንዴ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ዘይቱን ሳትቀይር ሞተሩን አታስነሳ።

መሐል ባለው ምሰሶ ውስጥ ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን ለክታ የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ናስ) አለ። ካቻቪቴህ አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ ናስ ስለሆነ ቶሎ ይፈረካከሳል። እሱ ከወጣ በኋላ ካርቡሬተሩን ገልብጠህ መታ መታ አድርገው። ጎኗ የተበሳሳች ቀጭን ቱቦ ትወድቃለች። ብዙዎች ይቺን ጭራሽ አያወጧትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከላይ፣ የሚኒሞው (የዝቅተኛው ዙር ማስተካከያ) ቪቴ የሚነካው ቦታ ላይ፣ ፕላስቲክ ራስ ያላት ሌላ ትንሽ ጂግለር አለች። ቪቴውን ንቀልና በቀጭን ካቻቪቴ ፈልቅቀህ ወደ ላይ ሳባት። ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ወደ ብርሃን አንስተህ እያት። ብርሃን ካላሳለፈች በሽታህ ተገኘ። ከፍ ዝቅ የሚል ሞተር በሽታው ብዙ ጊዜ እዚህች ላይ ነው። ሳህኑና ዋናው ጂግለር ታጥበው ይቺ ስትረሳ ነው "ፋሻ ጨርሷል" የሚባለው።

የፕላስቲክ ቆብ የለበሰች ሌላ ቪቴ ታያለህ። እሷን አትንካት። ከፋብሪካ ተለክታ የመጣች ናት።

ደቻቱ ማዶ

ጋሼ በደንብ አስረድተዋል፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ የምጨምረው ለማጠቢያው ስፕሬይ ካላገኘህ ሎሚ ጨምቀህ ውሃ ውስጥ አፍላው። ካርቡሬተሩን ከነጂግለሩ ክተተውና ይንተክተክ። አዲስ ይመስላል። ማሳህ ላይ ሎሚ አለህ ደግሞ።

የተደፈነችውን ደግሞ በቀጭን ሽቦ ውጋት፣ ወዲያው ትከፈታለች።

የሳቢያኑ መካኒክ

ደቻቱ ማዶ፣ ሁለቱም ላይ አልስማማም ወንድሜ።

ሎሚው ነጩን ዝገት ያነሳል፣ እውነት ነው። ግን የካርቡሬተሩ አካል የአሉሚኒየምና የዚንክ ዘር ነው። አሲድ ውስጥ ከቆየ አብሮ ይበላል። ከዚያ በላይ የምፈራው ውሃውን ነው። የድሬ ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ጠንካራ ነው። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ተመልከት። ያ ቅርፊት ግማሽ ሚሊሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ውስጥ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን አስበው። የግድ በሎሚ ካልክ ለአጭር ጊዜ ይሁን። ከዚያ በንጹሕ ቤንዚን አጥበህ በንፋስ አድርቀው።

ሽቦው ግን በጭራሽ። ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የቀዳዳው ልክ ነው፣ በሚሊሜትር መቶኛ። 68 ማለት 0.68 ሚሊሜትር ነው። በብረት ሽቦ ፍቀህ ወደ 0.73 ብታሰፋው በዓይንህ ልዩነቱን አታየውም። ቤንዚን የሚያልፍበት የቀዳዳው የገጽ ስፋት ግን 15 በመቶ ጨምሯል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቤንዚን እየጠጣ፣ ካንዴላ እያጠቆረ ይኖራል። መመለሻ የለውም፣ አዲስ ጂግለር መግዛት ነው።

የምንጠቀመው ይሄን ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ክር መዳብ አውጣ። ከጥርስ ብሩሽ የተነቀለች ክርም ትሆናለች። ናሶቹን ሌሊቱን ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋቸው። ጠዋት በክሯ ሳትጫን አሳልፍና በንፋስ ንፋ። ንፋሱን ጎሚስታ ጋ ታገኛለህ። ግን መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ከካርቡሬተሩ አውጣ፤ የኮምፕሬሰር ንፋስ ያጨራምተዋል። ጎማዎቹንም ስፕሬይ ውስጥ አትንከር፣ ያብጣሉ። ዓይንህንም ሸፍን።

ቤንዚን ስትነካ ደግሞ ግቢ ውስጥ፣ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ከሰል ከተቀጣጠለበት፣ ቡና ከሚፈላበት፣ ሲጋራ ከሚጨስበት ራቅ በል። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ ከምትገምተው በላይ ርቆ እሳት ያገኛል።

የማንጎው ሰው

ጋሼ፣ የሳቢያኑ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈታሁት።

ቱቦው ላይ ቤንዚን በደንብ ይፈሳል፣ ክዳኑም ደህና ነው። ሳህኑ ውስጥ አረንጓዴ ማጣበቂያ ነበር፣ ከሥሩ ጥቂት ነጭ ዱቄት። ዋናው ጂግለር ብርሃን ያሳልፋል። ትንሿ፣ ፕላስቲክ ራስ ያላት፣ ድፍን ናት። ምንም አይታይባትም። ቤንዚን ውስጥ ከትቻት አደረች። በመዳብ ክር ተከፈተች፣ ጎሚስታው በነጻ ነፋልኝ። አሁን ቾኩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤንዚኑ ነው እንዲህ ያደረገው? ማደያው ላይ ሰልፍ ሲረዝም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምንገዛው።

ለገሃር ጡረተኛ

አብሽር ልጄ፣ ደስ ይላል።

አዎ ቤንዚኑ ነው፣ ከመቆሙ ጋር ተደምሮ። ቤንዚን የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ቀላሉ ክፍል ቶሎ ይተናል፤ በኛ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። የቀረው ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ማጣበቂያ ይለወጣል። ታንከር ውስጥ ብዙ ስለሆነ ቀስ ይላል። ካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ስለሆነ በሳምንታት ውስጥ ይደርቃል።

የመንገድ ዳሩን እንዲህ ፈትሸው። ጠርሙሱን ሳትነካው አቁመው። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ግን አይለይም። ጥቂት ጠብታ ወረቀት ላይ አድርግ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይደርቃል። ቅባት የመሰለ ምልክት ጥሎ ከቆየ አትጨምረው።

ፓምፑን ልታቆመው ስትል የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጋና ሞተሩ ራሱ ጨርሶ እስኪጠፋ ተወው። ከዚያ ከሳህኑ ጎን ያለችውን ማፍሰሻ ቪቴ ላላ አድርገህ የቀረውን አውጣ። ለአንድ ሳምንት እንኳ ቢቆም እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ጀሪካን ውስጥ ያለውን ደግሞ ጥላ ሥር፣ ክዳኑን አጥብቀህ አስቀምጥ። ከአንድ ወር በላይ አታቆየው።

ሐረር አትክልት

ሰላም ለናንተ፣ ከሐረር ነኝ። የኔ በተቃራኒው ሳይሆን አይቀርም። ድሬ ያለች አክስቴ የሣር ማጨጃ ሰጠችኝ፣ እየተገፋ የሚሄደውን። እዚያ ደህና ይሠራ ነበር። እዚህ ካመጣሁት ጀምሮ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ካንዴላው ጥቁር ዱቄት ለብሶ ይወጣል። ካርቡሬተሩ ይጽዳ?

የሳቢያኑ መካኒክ

እህቴ፣ ያንቺ ቤንዚን በዝቶበት ነው። ከፍታውን አስቢ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ደንገጎን ስትወጪ ጆሮሽ የሚደፈነው ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፤ ጂግለሩ ግን ያንኑ ያህል ቤንዚን ይሰጣል። የሆንዳ መመሪያ በየ300 ሜትሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል፣ ካርቡሬተሩ ለከፍታ ተስተካክሎ እንኳ። ከድሬ ሐረር ሲሰላ ወደ 8 በመቶ ነው። ስለዚህ ትንሽ መድከሙ የሚጠበቅ ነው። ጥቁር ጭሱ ግን አይደለም።

የአየር ማጣሪያውን መጀመሪያ እይ። የድሬ አቧራ ተጭኖበት ከሆነ ራሱ እንደ ተዘጋ ቾክ ይሠራል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገሽ ጨምቂው። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ቾኩ ሙሉ ለሙሉ መከፈቱንም በዓይንሽ አረጋግጪ። ገመዱ ሲላላ ግማሽ ላይ ይቀራል።

ሁለቱ ደህና ሆነው ጭሱ ካልጠፋ በቁጥር አንድ ደረጃ ያነሰ ዋና ጂግለር ይገባለታል። ልክ እንደዚያው፣ ማጨጃው ተመልሶ ድሬ ከወረደ የድሮውን መልሺለት። በቀጭን ጂግለር ቆላ ላይ ከሠራ ቤንዚን ያንሰውና ይግላል፣ ቫልቮላ ያቃጥላል።

ለገሃር ጡረተኛ

ልጄ፣ ማጨጃውን ከሥሩ ለማየት ስታጋድሚው የካንዴላውን ገመድ ንቀይ። ምላጩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎን ደግሞ ወደ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ዘይቱ ወደ ማጣሪያው ይፈስና ሌላ ጭስ ያመጣብሻል።

የኤረሩ ገበሬ

ስለ ካርቡሬተሩ ያላችሁት ጥሩ ነው። እኔ ግን ስለ ፓምፕ ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም።

እኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ እየራቀ ነው። ፓምፑ ሲያቅተው ሰው ምን ያደርጋል? ሞተሩን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርደዋል። "ካርቡሬተሩ ተበላሽቷል፣ አይስብም" ብለው ካጸዱት በኋላ ያው ሲሆን ማለት ነው።

ላዩ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን የሚስበው የአየር ግፊት እየገፋለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ እንኳ ከ10 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ያበቃል። ድሬ ላይ 9 ሜትር አይሞላም፤ ሐረር ላይ 8 ገደማ ነው። ይሄ በሒሳብ ነው። በተግባር ከ6 ሜትር በላይ ጥሩ ሥራ አትጠብቁ። ሞተራችሁ ጤነኛ ሆኖ ውሃ የማይወጣ ከሆነ ጥፋቱ የካርቡሬተር አይደለም። ጥልቀቱን በገመድ ለኩት። የመሳቢያ ቱቦውን መጋጠሚያም እዩ፣ አየር የሚያስገባ ከሆነ አይስብም።

ሞተር ግን ወደ ጉድጓድ አይወርድም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። የወረደው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ሊያወጣው የሚወርደውም እላዩ ላይ ይወድቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም አየሩ ወዲያው አይጸዳም። ወላሂ ለአንድ ማሳ ውሃ ወንድም አይሰጥም። ውሃው ከራቀ ጠላቂ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው መፍትሔው፣ በመብራትም ሆነ በሶላር። አቅም ካልፈቀደ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተጋርቶ ይግዛ።

የማንጎው ሰው

የኤረሩ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። የኛ ጉድጓድ ውሃው 5 ሜትር ላይ ነው፣ ፓምፑ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ይሄንን ግን ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ። ሁለቱ ሞተር የሚያወርዱ ናቸው።

ደቻቱ ማዶ

የሳቢያኑ፣ ስለ ሽቦው አሳምነኸኛል። አሁን የኔን ጥያቄ መልስልኝ። በትከሻ የሚያዘው የሣር መቁረጫ፣ ሁለት ምት የሆነው፣ ካርቡሬተሩ ሳህን የለውም። እሱስ እንዴት ነው የሚጸዳው?

የሳቢያኑ መካኒክ

እሱ ሌላ ዓይነት ነው። በሳህን ፋንታ ስስ ጎማ ሽፋን አለው። ተገልብጦም ተጋድሞም እንዲሠራ ነው እንደዚያ የሆነው። አራት ቪቴ ፈትተህ ክዳኑን አንሳ። ሽፋኑን በጣትህ ንካው። ለስላሳ ሆኖ መታጠፍ አለበት። እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ አበቃለት፣ ማጽዳት አያድነውም። የሽፋንና የጓርኒሲዮን ጥቅል አለው። የካርቡሬተሩን ቁጥር ጽፈህ ታይዋን ገበያ ጠይቅ። የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሆነ ሳታስተውል አታንሳ፣ ሲገጠም ተገላብጦ ከገባ አይነሳም። ሽፋኑ እያለ በኮምፕሬሰር ንፋስ አትንፋው፣ ይቀደዳል።

ቤንዚኑ ዘይት ይቀላቀልበታል። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊሊትር የሁለት ምት ዘይት ነው። 50 ለ 1 ካለ 100 ሚሊሊትር። የመኪና ዘይት አይሆንም። ለአንድ ወር ከምትጨርሰው በላይ አትቀላቅል፣ ከመጨመርህም በፊት ጀሪካኑን ናጠው።

ታንከሩ ውስጥ ቱቦው ጫፍ ላይ ትንሽ ማጣሪያ አለች። በታጠፈ ሽቦ ስባት። ከጠቆረች ለውጣት። ቱቦውም ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ አብረህ ቀይረው። ከስንጥቁ አየር ስለሚስብ ካርቡሬተሩን ብታጸዳውም አይስተካከልም።